ሁለተኛው ጥያቄ

ስደተኛ በሄደበት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ‹‹ከየት መጣህ?›› የሚለው ነው። ይህ የባለቤት ጥያቄ ነው፤ ክፋት የለበትም። በእኛም ሀገር መንገደኛ ‹‹የመሸበት የእግዜር እንግዳ›› ብሎ ደጅ ሲቆም፣ አባወራው ከወዴት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል፤ ጠይቆም መደብ ያነጥፍለታል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የሚመጣው የመጀመሪያው ከተመለሰ በኋላ ነው። ‹‹እሱስ ይሁን፤ በእውነቱ ግን ከየት ነህ?›› ይላል። የመጀመሪያው የመጣህበትን መንገድ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አጥንትህን ይቆጥራል። ለመጀመሪያው እውነቱን መናገር ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን የተናገርከው እውነት ሁሉ ያንስበታል።

ይህን ጉዳይ ሳሰላስል ሐሳቤ ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ሐርጌሳ፣ ያውም ዳሚ ውስጥ ተቀምጦ ስለ አሜሪካ ዜግነት መጨነቅ የሰው ቤት ሙግት መዳኘት ሊመስል ይችላል። የዳሚን ኑሮ የሚያውቅ የዚህ ዐምድ አንባቢ ግን አይደነቅም። በሠፈራችን ቡና በተፈላ ቁጥር የሚነሣው ወሬ ‹‹ኬዝ›› እና ‹‹ፕሮሰስ›› ነው። የእገሌ ኬዝ ተከፈተ፣ የእገሊት ፕሮሰስ ቆመ፣ የዲቪ ዕጣ ለእነ እገሌ ደረሳቸው ይባላል። ብዙዎቻችን ሐርጌሳን የምንኖርባት ከተማ ሳይሆን መኪና የምንጠብቅባት መናኸሪያ አድርገን እናያታለን። እኔ ከወሎ ተነሥቼ፣ በጅግጅጋ አድርጌ፣ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሬ እዚህ ከደረስኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ፤ ልጄም የተወለደችው እዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ሀገር ማንን ‹‹የራሴ ነው›› እንደሚል ማወቅ ለእኔ የጋዜጣ ወሬ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ አሜሪካ ለዚህ ነገር በታሪኳ ምን መልስ ሰጠች? (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ዜጋ መሆን የሚችለው ነጻ የሆነ ነጭ መጤ ነው ይል ነበር። በዚያው ምድር ተወልዶ በዚያው ምድር ጥጥ ሲለቅም የሚሞተው ጥቁር ከቁጥር አልገባም። በ1857 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ከአፍሪካውያን የዘር ሐረግ የሚወለድ ሰው ባሪያም ይሁን ነጻ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። ያን ፍርድ የሻረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው በሀገሪቱ ምድር የተወለደና ለሥልጣኗ የሚገዛ ሁሉ ዜጋዋ ነው ሲል ደነገገ። ልብ በሉ፤ የአያቱን ስም አልጠየቀም።

ሕጉ የተፈተነው ደግሞ በአንድ ቻይናዊ ልጅ ነው። ዎንግ ኪም አርክ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች ተወለደ። በ1895 ዘመዶቹን ጠይቆ ከቻይና ሲመለስ የወደቡ ሹማምንት አትገባም ብለው ከለከሉት። በዚያን ጊዜ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግድ፣ በ1882 የወጣ ሕግ ነበረ። እርሱ ግን ‹‹የተወለድኩት እዚህ ነው›› ብሎ ተሟገተ፤ በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ወላጆቹ ዜጋ መሆን የማይፈቀድላቸው ሰው፣ በመወለዱ ብቻ ዜጋ ሆነ። ሕጉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን ተወው ማለት ነው።

ይህም ሆኖ በሩ ለሁሉ ወለል ብሎ አልተከፈተም። በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ለየሀገሩ የመግቢያ ቁጥር ሲደለድል፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ዜጋ ለመሆን የዘር መስፈርት ፈጽሞ የተሰረዘው በ1952 ሲሆን፣ በትውልድ ሀገር የሚደለደለው ኮታ እንዲቀር የተወሰነው በ1965 ነው። በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን የገባው ወገናችን በዚያ በር ገባ። በ1990 በወጣው ሕግ ደግሞ እኛ ዲቪ የምንለው ዕጣ መጣ። እነሆ ከዚያ ወዲህ በ2002 በሎስ አንጀለስ ከተማ ፌርፋክስ በተባለው ጎዳና ላይ ያለው ሠፈር ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ተብሎ በይፋ ተሰየመ። በ2004 የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ለነዋሪዎቿ በየቋንቋቸው አገልግሎት እንዲሰጥ ሕግ ስታወጣ፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። ከመቶ ሰው ኮታ ተነሥቶ እዚህ መድረስ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሕግ የተወውን ጥያቄ ሰው አንሥቶ ይጠይቃል። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ዜግነት ለመቀበል ቀኝ እጁን አንሥቶ ሲምል፣ ለማንኛውም የባዕድ መንግሥትና ገዢ ያለውን ታማኝነት መካዱን በአንደበቱ መናገር ነበረበት፤ ቃለ መሐላው እንዲህ ይላልና። በስልክ ‹‹ጋሼ፣ ምን ተሰማህ?›› ብለው ጥቂት ዝም አለና፣ ‹‹ወረቀቱን ስቀበል ደስ አለኝ። ካድኩ ያልኩት ነገር ግን ማታ እንጀራ ስቆርስ እዚያው ነበር›› አለኝ። ታክሲ ነጂ ነው። ተሳፋሪ ከየት እንደሆነ ሲጠይቀው ‹‹ከሲልቨር ስፕሪንግ›› ይላል። ተሳፋሪው ሳቅ ይልና ‹‹አይ፣ በእውነት ከየት ነህ?›› ይለዋል። እንደ ወንድሜ አነጋገር ይህን የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጉርሻ የሚጨምሩት እነርሱ ናቸው።

አዲስ አበባ ሲገባስ? ኢትዮጵያ ከ1930 የዜግነት ሕግ ጀምሮ ዜግነትን የምትቆጥረው በደም ነው፤ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ነው። በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ አዘጋጅቶለታል፤ ስሙም ‹‹ትውልደ ኢትዮጵያዊ›› ሆኗል። ወንድሜ ይህን መጠሪያ አይጠላውም፤ ‹‹ቤት ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ እንደመቀመጥ ነው፤ ዝናቡ አይመታህም፣ እሳቱንም አትሞቅም›› ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዲያስፖራ ሆኖ መኖርን እንደ ሙያ ተለማምዶታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ተራ ታክሲ ነጂን ብቻ አይደለም የሚያሳድደው። አስመራ የተወለደውን ሯጭ መብራህቶም ክፍለዝጊን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል፤ አሜሪካውያን ሜብ ይሉታል። ቤተሰቡ ከጦርነት ሸሽቶ በጣልያን በኩል በ1987 ሳን ዲዬጎ ገባ፤ እርሱም በ1998 ዜጋ ሆነ። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ በማራቶን ለአሜሪካ የብር ሜዳልያ አመጣ። በ2009 የኒው ዮርክን ማራቶን የአሜሪካን መለያ ለብሶ ሲያሸንፍ፣ ከ1982 ወዲህ በወንዶች የመጀመሪያው አሜሪካዊ አሸናፊ ነበር። በማግሥቱ አንድ የስፖርት ንግድ ጸሐፊ በወረቀት አሜሪካዊ ነው እንጂ ድሉ የአሜሪካ ሩጫ ማንሰራራቱን አያሳይም የሚል አስተያየት ጻፈ፤ ቁጣ ሲነሣበትም ይቅርታ ጠየቀ። የሚገርመው ነገር፣ በ1982 ያሸነፈው አሜሪካዊ አልቤርቶ ሳላዛርም ቢሆን የተወለደው ኩባ፣ ሐቫና ውስጥ ነው።

በ2013 በቦስተን ማራቶን መጨረሻ መስመር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። በቀጣዩ ዓመት ሜብ የሟቾቹን ስም በደረት ቁጥሩ ላይ ጽፎ ሮጠና ውድድሩን አሸነፈ፤ ከ1983 ወዲህ ቦስተን ላይ ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ሆነ። በዚያን ቀን አሜሪካዊ አይደለም የሚል ድምፅ አልተሰማም። ይህን ታሪክ ሰዎች በደስታ ሲያወሩት እኔም ደስ ይለኛል፤ ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ስደተኛ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ‹‹የኛ›› ለመባል የግድ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሁሉ ቀድሞ መሮጥ አለበት? ታክሲ ነጂውስ? ልብስ ሰፊውስ? ሐዘናቸውን በየቤታቸው የሚያዝኑትስ?

ሕጉም ቢሆን ለዘለዓለም የተዘጋ መዝገብ አይደለም። በጥር 2025 ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ ወላጆቻቸው ሕጋዊ ፈቃድ ለሌላቸው ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ ላሉ ልጆች በመወለድ የሚገኘውን ዜግነት የሚነፍግ ትእዛዝ ፈረሙ። ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄደ። የዎንግ ኪም አርክ ስም ከመቶ ሃያ ሰባት ዓመት በኋላ እንደገና በየችሎቱ ተጠራ። ከዚህ የምንማረው፣ ከአንድ ትውልድ በፊት በሕግ የተዘጋ ጥያቄ ዘብ ካልቆመለት በሌላ ትውልድ አፍ ተመልሶ እንደሚከፈት ነው።

አሁን ዐይናችንን ከሩቅ ሀገር ወደ ደጃችን እንመልስ። ሶማሌላንድ በ2002 ያወጣችው የዜግነት ሕግ ዜግነትን በአባት ሐረግ ይቆጥራል፤ መነሻውም ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበት ሰኔ 26 ቀን 1960 ነው። በዚያን ቀንና ከዚያ በፊት በዚህ ምድር ይኖር ከነበረ ሰው በአባቱ በኩል የሚወለድ ዜጋዋ ነው። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። በ1988 የገዛ መንግሥቱ አውሮፕላኖች ከከተማዋ አየር ማረፊያ ተነሥተው የደበደቡት ሕዝብ፣ ‹‹እኛ ማን ነን?›› ብሎ አጥር ቢያጥር አይፈረድበትም። በከተማው መሐል በመታሰቢያነት የቆመው ሚግ አውሮፕላን የሚያስታውሰን ያን ጊዜ ነው። የኢትዮጵያም ሕግ ቢሆን ደምን እንጂ መሬትን አይቆጥርም። እኔ የምለው፣ ሕጉ በደም የሚቆጥር ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ገና ከመነሻው በሕጉ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ነው።

ለዚህ ከዳሚ የተሻለ ምስክር የለም። ዳሚ የገቦዬዎች ሠፈር ነው። ገቦዬ ማለት ብረት በመቀጥቀጥ፣ ቆዳ በመሥራት፣ ጫማ በመስፋትና ጸጉር በማስተካከል የሚታወቁ የሶማሌ ወገኖች የጋራ መጠሪያ ነው። ቋንቋቸው ሶማሊኛ፣ ሃይማኖታቸው እስልምና፣ የአያት የቅድመ አያታቸውም ሀገር ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከማንም በላይ አሟልተው መመለስ ይችላሉ። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ይቀራሉ። ታላላቆቹ ጎሳዎች አይጋቧቸውም፤ በዘልማዱ ዳኝነት የደም ካሳ ሲጠየቅም ከኋላቸው የሚቆም ብርቱ ጎሳ ስለሌላቸው ድምፃቸው ይሳሳል። በሶማሊያም በኩል ብትሄዱ በ2000 በአርታው ጉባኤ የተጀመረው የሥልጣን ክፍፍል ‹‹አራት ተኩል›› ይባላል፤ አራቱ ታላላቅ ጎሳዎች አንዳንድ ድርሻ ሲያገኙ የቀሩት ሁሉ ተጠቃለው ግማሽ ደረሳቸው። ሰው በገዛ ሀገሩ ግማሽ ሊባል እንደሚችል ያወቅሁት ያን ስሰማ ነው።

ከቤቴ ጎን ብረት የሚቀጠቅጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ልጄ ‹‹አዴር›› ትለዋለች፤ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው። በ1988 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸና ጅግጅጋ አጠገብ ሐርቲሼክ በተባለው ካምፕ ዓመታት ኖረ። ያ ካምፕ በዘመኑ በዓለም ካሉት የስደተኛ ካምፖች ከትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ውሃ የሚመጣው በቦቴ መኪና ነበርና ‹‹ለውሃ ስንሰለፍ ሁላችንም ስደተኞች ነበርን፤ ጀሪካናችን ሲሞላ ግን ገቦዬ እሆናለሁ›› ይላል። ታናሽ እህቱ ከዚያ በኋላ ሚኒሶታ ገባች። በመጀመሪያው ቀን ፈረንጁ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ ‹‹ሶማሌ›› ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ሰጣት፤ ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ‹‹በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶማሌ ብቻ የተባልኩት አሜሪካ ነው›› ብላ በስልክ አልቅሳ እንደነገረችው አጫወተኝ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ አሜሪካን አመስግነን ብዕራችንን ባስቀመጥን ነበር። ዓመታት አለፉና ልጇ እዚያው ከተወለደች አንዲት የሶማሌ ልጅ ጋር ተዋደደ። ሁለቱም አሜሪካ የተወለዱ፣ በ14ኛው ማሻሻያ ሙሉ ዜጎች ናቸው፤ ሁለቱም ሐርጌሳን አያውቋትም። የልጅቷ ቤተሰቦች ግን ወደ ሐርጌሳ ስልክ ደወሉ። የልጁ አጎት ዳሚ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ መሆኑን ተረዱ፤ ጋብቻው ቀረ። ሁለተኛው ጥያቄ ውቅያኖስ ተሻግሮ እኛ ሠፈር መልስ ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ መዶሻውን አላስቀመጠም። ‹‹ፓስፖርቱን አሜሪካ ትሰጥሃለች፤ ሚስት የሚሰጥህ ግን ጎሳ ነው›› አለኝ፤ ብረቱንም ወደ እሳቱ መለሰ።

እኛስ? እዚህ ላይ ለወገኖቼ የምለው አለኝ። ብዙዎቻችን ሐርጌሳ ስንገባ ቤት ያከራዩን፣ ዱቤ የሰጡን፣ ሥራ ያመላከቱን ገቦዬዎች ናቸው። በሌላ ሠፈር ‹‹ከማን ወገን ነህ?›› ስንባል በዳሚ ግን ‹‹ስንት ወር ትቀመጣለህ?›› ብቻ ተባልን። ይህን ውለታ የበላን ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠን ‹‹እነዚህ ባለ እጆች›› ስንባባል ጆሮዬ ሰምቷል። ልጅህን ቀጥቃጭ ቤት አታስበላ፣ ዓይን ይበላታል ብሎ የመከረኝ ሶማሌ ሳይሆን የሀገሬ ሰው ነው። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን ቡዳ ብሎ የማራቅ ልማድ ድንበሩን አብሮን ተሻገረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908፣ ማለትም በእኛ በ1900 ዓ.ም.፣ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ አዋጁ ከአደባባይ አልፎ ጓዳችን ለመድረስ ዘግይቷል። ለብዙ ዓመታት በቀበሌ መታወቂያችን ላይ ‹‹ብሔር›› የሚል መስመር እንደነበረም አንርሳ። የሁለተኛውን ጥያቄ መራራነት የምናውቅ እኛው፣ ለሌላው ስናቀርበው እጃችን አይንቀጠቀጥም።

የወንድሜ ሀገር የሠራችውን ሥራ የማደንቀው ስለዚህ ነው። ከ1790 እስከ 1952 ድረስ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመት ፈጅቶባትም ቢሆን የዘርን መስፈርት ከዜግነት ሕጓ ፍቃ አወጣች። ሕግ ሰውን እስከ ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ይህም ብዙ ነው፤ ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ሊገባ አይችልምና። ከደጃፍ እስከ ምድጃ ያለውን ጥቂት እርምጃ ግን ሕግ አይራመድልንም። ያ የባለቤቶቹ፣ የጎረቤቶቹና የአማቾቹ ፈንታ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ለመሄድ ዕጣ የምንጠብቅ ሁሉ፣ እዚያ እንዲደረግልን የምንሻውን ዛሬ ዳሚ ላይ ማድረግ እንችላለን፤ ለዚህ ቪዛ አያስፈልግም። በቀጥቃጩ ቤት መብላት፣ ለሠርጉ መጠራትና መጥራት፣ ሲሞትበት ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል።

በቅርቡ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ‹‹ጎሳሽ ምንድን ነው?›› ብለው ጠየቋት። ‹‹የዳሚ ነኝ›› አለቻቸው። ሳቁባት፤ ዳሚ ጎሳ አይደለም አሏት። ማታ ስፌቴን ሳጣጥፍ መጥታ፣ ‹‹አባዬ፣ ዳሚ ለምን ጎሳ አይሆንም?›› ብላ ጠየቀችኝ። በኢትዮጵያ ሕግ በእኔ ደም ኢትዮጵያዊት ናት፤ ፊደል አስቆጥሬያታለሁ፣ ወሎንም በስም ታውቀዋለች፤ ይህን እንድትተወው አልሻም። የተወለደችባት ከተማ ሕግ ግን አይቆጥራትም። ኮሎምበስ ወይም ሲያትል ተወልዳ ቢሆን ኖሮ መልሱን ሕገ መንግሥቱ ይመልስላት ነበር። እዚህ ስለተወለደች መልሱ የተጣለው በእኔ፣ በአዴርና በእነዚያ በሚስቁት ልጆች ላይ ነው።

‹‹አዴርን ነገ ጠይቂው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል›› አልኳት። ጠይቃዋለች። ‹‹ጎሳ የሚሆነው ሰው ሲጋባና ሲቀባበር ነው፤ ዳሚም ገና ወጣት ናት›› ብሎ እንደመለሰላት ነገረችኝ።

ቸር ይግጠመን።